በከተማው ወጪ የተቀበረ

መስከረም 14

ይድረስ ካደግህ በኋላ በዓይኔ ላላየሁህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናውን ይስጥህ፤ ሥራህን ያቅናልህ፤ በሰው አገር ሞገስ አይንሳህ። እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ።

ይህቺ ደግሞ ማን ናት እንዳትል። እናትህና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን። አንተን ያየሁህ አንድ ጊዜ ነው፤ ጥርስህ ሳይበቅል ጭኔ ላይ ተቀምጠህ መቀሴን ካልበላሁ ብለህ ስታስቸግር። መጋረጃ ሰፊዋ እያለች እናትህ አውርታህ ይሆናል። ነፍሷን ይማርና፣ ከማረፏ በፊት አድራሻህን በእጇ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ይሆናል ብላ አልነበረም።

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልንገርህ። የወለድኩት ልጄ አንተ ባለህበት ከተማ ነበር የሚኖረው። በያጅ ነው፤ እጁ የተባረከ። አንተም እሱን አታውቀው፣ እሱም አንተን አያውቅህ፤ ዘመድ ከተበተነ እንዲህ ነው። መደወል ካቆመ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለፈው ክረምት አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሰው እኔ የምሰፋበት ሱቅ ደወለ። "እናቴ፣ ነገሩ የቆየ ነው፤ እስካሁን ያልነገርኩዎት ቁጥርዎን ያገኘሁት ገና አሁን ስለሆነ ነው። ታሞ ሆስፒታል ገብቶ አልተረፈም። እኔ ሌላ አገር ነበርኩ። ጠያቂ ስላልተገኘ ከተማው ቀበረው" አለኝ። የት ነው ስለው አላወቀም። ሌላ ቀን መልሼ ብደውል ስልኩ አይሠራም።

ባለቤቴ ይህን አያውቅም። ግንበኛ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። የልጁን ክፍል በየዓመቱ ኖራ ይቀባል። በስልክ የሰማሁትን እንዴት መርዶ ብዬ ልንገረው? ቦታውን ልወቅና እነግረዋለሁ እያልኩ ይኸው ክረምቱ አለፈ። ስለዚህ አትደውልልኝ፤ የቤታችን ስልክ የሚውለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። በሱቁ አድራሻ ጻፍልኝ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የተቀበረበትን ፈልግልኝ። ከተማው ከቀበረው ከተማው ጽፎታል። ሙሉ ስሙንና የተወለደበትን ቀን በሌላ ወረቀት አድርጌ አስገብቻለሁ። እዚህ ላይ ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

አክስትህ

ጥቅምት 22

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የእናቴን ጽሕፈት ያየሁ መሰለኝ፤ ሁለታችሁም "ለ"ን ወደ ጎን ታስተኟታላችሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ ሌላ የምለው ባውቅ እል ነበር።

እኔ አውቶቡስ አጣቢ ነኝ። መኪኖቹ ጧት ለሥራ ሳይወጡ አጥበን ስለምንጨርስ ቢሮ ሲከፈት ነጻ ነኝ። የከተማው አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ የስልክ ቁጥር እንደ አሸዋ ነው። የመንገድ መብራት አለ፣ የዛፍ ቆረጣ አለ፣ መቃብር የሚል የለም። "ልዩ ልዩ አገልግሎት" የሚለውን ደወልኩ። ሙዚቃ ያሰሙኝ ጀመር፤ አልቆ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አነሳች።

"ውሻዎ ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ።

ለካ የውሻ ፈቃድ ክፍል ነው። ውሻ የለኝም፣ የምፈልገው ሰው ነው አልኳትና ነገሩን ነገርኳት። ከዚያ "አይዝጉት" ብላ እሷው በውስጥ ስልክ እየጠየቀች ትክክለኛውን ክፍል አገኘችልኝ።

የመቃብር ስፍራዎች ክፍል ያለው ምድር ቤት ነው። መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው። ስሙን ነገርኩት። ኮምፒውተሩን አየና "አለ" አለኝ። ቦታውን ስጠይቀው "እርስዎ ምኑ ነዎት?" አለ። ዘመዱ ነኝ አልኩ። ምን ዓይነት ዘመድ? እናቴና እናቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው። በቋንቋቸው ማስረዳት ቢያቅተኝ ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት። ወረቀቱን አዙሮ መለሰልኝ። "ይሄ እኛ ዘንድ እንደ ምንም ነው የሚቆጠረው" አለ፤ በክፋት አልነበረም። መረጃ የሚሰጡት ለእናት፣ ለአባት፣ ለሚስት፣ ለልጅና ለወንድም እህት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእርስዎ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል። አንዱ እናቱ መሆንዎን የሚያረጋግጥ፣ ሌላው እኔን የሚወክል። ሁለቱም ማኅተም ያለበት ይሁን።

መልክዎን የማያስታውስ ልጅዎ

ኅዳር 19

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ በውሃ የሚሠራ ሰው ደረቱን ይሸፍን።

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ያ ሰውዬ "አለ" አለኝ ያልከው ላይ ስደርስ ቆየሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ቃሉ ግን ሌላ ቃል አጥቶ ነው?

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። አራት መስኮት አለ፤ ሦስቱ መጋረጃ ተጋርዶባቸዋል፤ መጋረጃዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የተከፈተው ላይ ያለችው ልጅ ፋይሉን አገኘችው። የልጄ ፎቶ አለበት፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ። "እናትነትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድንጽፍ ልጁ ራሱ ቀርቦ ያመልክት" አለችኝ።

"መቅረብ አይችልም" አልኳት።

"ለምን?"

"ሞቷል።"

"ይቅርታ እናቴ። እንግዲያው የሞት ማስረጃውን ያምጡ።"

የሞት ማስረጃውን ለማምጣት ነው ይህን የምጠይቅሽ አልኳት። እሷም ግራ ገብቷት ኃላፊዋን ጠርታ አማከረችው። ኃላፊው በር ላይ እንደቆመ "አባትየው ቀርቦ ከፈረመ ሊታሰብበት ይችላል፤ ፋይሉ የተከፈተው በአባት ስም ነው" ብሎ ገባ። ሊታሰብበት ይችላል ነው ያለው።

አባትየውን ምን ብዬ ላቅርበው? ትናንት ማታ እራት ላይ "ይሄ ልጅ ሚስት አግብቶ ይሆናል፣ ለዚህ ነው ዝም ያለው" አለኝ። እኔም "ይሆናል" አልኩት።

ሌላ መንገድ ካለ ፈልግልኝ። የውሻዋን ሴትዮ ጠይቃት፤ ደግ ትመስላለች።

አክስትህ

ታኅሣሥ 24

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዘገየሁት መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ለውሻ ክፍሏ ሴትዮ ደወልኩላት። "የሕዝብ መረጃ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ስለ አንድ ሰው ካሉ ይከለክሉዎታል፤ በከተማው ወጪ የተቀበሩትን ዝርዝር ይበሉ" አለችኝ። ማመልከቻውን በስልክ ቃል በቃል አጻፈችኝ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በፖስታ መጣ። ገጹ ብዙ ነው። ዓመተ ምሕረት፣ ቀን፣ ረድፍ፣ ቁጥር፣ ሁሉም አለ። ስም የሚለው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አየሁት። ከኋላው ገልብጬም አየሁት። ምንም አይታይም።

ወረቀቱን ይዤ መቃብሩ ድረስ ሄድኩ። ከከተማው ዳር ነው፣ የአውቶቡሱ የመጨረሻ ማቆሚያ፤ እኔ የማጥበው የዚህን መስመር አውቶቡሶች ነው። ባለ ሐውልቶቹን አልፈው ሲሄዱ ከግንቡ ሥር አንድ ሜዳ አለ። ድንጋይ የለውም፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ የብረት ካስማዎች ብቻ ናቸው። ጠባቂውን አነጋገርኩት። ሽማግሌ ነው፤ ጨዋ ነው። "ቁጥሩን ካመጣህልኝ ዓይኔን ጨፍኜ አደርስሃለሁ፤ ያለ ቁጥር ግን ሁሉም አንድ ነው" አለኝ። በካስማዎቹ መሃል ተመላለስኩ። ከመካከላቸው አንዱ እሱ ነው፤ በአጠገቡም አልፌ ይሆናል።

አክስቴ፣ ጋሼ ቢፈርሙ ይሻላል። ቶሎ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። እኔ ልምከርዎ ብዬ አይደለም፤ ግን ቶሎ ቢሆን።

ልጅዎ

ጥር 15

ይድረስ ለልጄ፣

እግዚአብሔር ድካምህን ይቁጠርልህ። እናትህ ብታይህ ትኮራ ነበር።

"ቶሎ" የምትለው ነገር አላስተኛ ብሎኛል። አምስት ዓመት የተኛ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

ባለቤቴን ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ ቀን ምላጭ ይዞ ጢሙን ሲላጭ ሆነብኝ። ሌላ ቀን ራሱ ቀደመኝና "ዛሬ ደስ ብሎኛል" አለኝ፤ ያለ ምክንያት። ደስ ላለው ሰው እንዴት አድርጌ ልጀምርለት?

አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል፤ እንዳትቆጣኝ። ከእነዚያ ካስማዎች አንዱን ፎቶ አንሳልኝ። ጥሩ ቦታ ላይ ያለውን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን። ከጀርባው "ይህ ነው" ብለህ ጻፍበት። እኔም አምናለሁ፤ ለባለቤቴም አሳየዋለሁ። ማን ያውቃል፣ እውነትም እሱ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻ አያስፈልገው፣ ማኅተም አያስፈልገው።

ይህን አድርግልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም።

አክስትህ

የካቲት 6

አክስቴ፣

ሄጄ ነበር። ፀሐይ ያለበትን መርጬ፣ ስልኬን አውጥቼ ቆምኩ። ማንሳት አልቻልኩም። ቁጥሩን አየሁት፤ የአንዲት ሌላ እናት ልጅ ነው። እሷም አንድ ቀን ሰው ትልካለች። ይቅር ይበሉኝ።

"ቶሎ" ያልኩበትን ምክንያት ደብቄዎታለሁ። ጠባቂው ነግሮኛል። ያ ሜዳ ጊዜያዊ ነው። ጠያቂ ያልመጣላቸውን እስከ አምስት ዓመት ያቆዩአቸዋል፤ ከዚያ ብርዱ ሲያልፍ መሬቱን ይቆፍሩና የሁሉንም አጽም ከግንቡ ኋላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያኖራሉ። መደወል ካቆመበት ጊዜ ከቆጠርን የእሱ ተራ የዘንድሮ ነው። እስካልተነሳ ድረስ ግን ቤተሰብ መጥቶ ከጠየቀ አይነኩትም፤ ቋሚ ቦታ ይሰጡታል።

ምድር ቤት ሄጄ እንዲያቆዩልኝ ለመንኩ። ባለ መነጽሩ "የሚመለከተው ሰው በጽሑፍ ያመልክት" አለ። የሚመለከተው እኔን ነው አልኩት። ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

እባክዎን ለጋሼ ይንገሯቸው። አልደውልም ብያለሁ፤ አልደወልኩም። ግን በየቀኑ ስልኩን አነሳና አስቀምጣለሁ።

መጋቢት 20

ይድረስ ለልጄ፣

ነገርኩት።

ደብዳቤህን ይዤ ከሱቅ ስገባ ደጅ ተቀምጦ ዱካ ይጠግን ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። መዶሻውን አልጣለም፤ አልጮኸም። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አለኝ።

"ከክረምት።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

ዱካውን ጠግኖ ጨረሰ። በማግስቱ ኮቱን ለብሶ "ያ መስኮት የቱ ነው?" አለኝና ተያይዘን ሄድን።

ልጅቷ ያንኑ ደገመችለት፤ ልጁ ራሱ ይቅረብ። "እሱ አይመጣም። ለዚህ ነው እኔ የመጣሁት" አላት። ፈረመ። ኃላፊው ግን ሥልጠና ሄዷል፤ ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ። ባለቤቴ "እጠብቃለሁ" ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ በየቀኑ፣ እንደ ሥራ፣ ጧት ሄዶ ሲዘጋ ይመለሳል። ዘበኛው "አባቴ ቤትዎ ይረፉ፣ ሲመጣ እናስጠራዎታለን" ሲለው "ቤትም ያው መቀመጥ ነው" ይለዋል። ኃላፊው ሲመለስ አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን መብራት የለም ተባለ። ማኅተሙ ትናንት ተመታልን።

ሁለቱንም ወረቀት በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ። ሰው ጠርተን አላለቀስንም። ቦታው ይታወቅና ይሁን ብሏል ባለቤቴ። ጎረቤት እንዳይሰማ እየተጠባበቅን ተራ በተራ እናለቅሳለን።

አክስትህ

ሚያዝያ 23

ለተከበሩ አክስቴና ለተከበሩ ጋሼ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ እንደሆነው ልጻፈው።

ወረቀቱ ደረሰኝ። የዚያኑ ቀን ምድር ቤት ወረድኩ። ባለ መነጽሩ አገላብጦ አየና "በመሐላ አስተርጓሚ ይተርጎም" አለ። አስተርጓሚው ወረፋ ነበረው፤ ለመንኩት፣ ከሌሎቹ አስቀደመኝ። ተተርጉሞ ይዤ ስመለስ ክፍሉ ለበዓል ዕረፍት ተዘግቷል። ሲከፈት በሩ ላይ የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። በዚህ ጊዜ ማንም ምንም አልከለከለኝም። ማተሚያው አንድ ገጽ አወጣ፤ ማኅተም መታበት፤ "ይኸው" አለኝ። ረድፉም ቁጥሩም አለበት።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ጠባቂው ከሩቅ አይቶኝ ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሜዳው ታርሷል። ካስማዎቹ በአንድ ላይ ታስረው ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። "ባለፈው ሳምንት ነው ልጄ። የአንተን ሰው አቆዩልኝ ብላቸው የትኛው ነው አሉኝ። እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው?" አለኝ።

ከግንቡ ኋላ ወሰደኝ። አንድ ሰፊ የሲሚንቶ ክዳን ነው። ስም የለበትም። እዚያ ቆሜ የእርሱን ስም ከጋሼ ስም ጋር ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ የሚሰማኝ ጠባቂው ብቻ ነበር። ሌላ የማደርገው ነገር አላወቅኩም።

ወረቀቱን ልኬላችኋለሁ። አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ። ከታች "የቀብር ወጪ፦ በከተማው። ጠያቂ ዘመድ፦ የለም" ይላል። ይህቺን መስመር አስተካክሉልኝ ብዬ ተመልሼ ጠይቄ ነበር። ባለ መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ያኔ እውነት ነበር" አለኝ።

ልጃችሁ

ሰኔ 11

ይድረስ ለልጃችን፣

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ምን ጻፍሽ እያለ ያስነብበኛል።

ወረቀቱ ደርሶናል። ጎረቤት ጠርተን፣ ሰው መጥቶ፣ በወጉ አለቀስን። "የት ነው የተቀበረው?" ሲሉን ባለቤቴ "ከሰው ጋር" አላቸው። ሌላ ማንም አልጠየቀም። ስላልደረሰ ነገር ራስህን እንዳትበላ። አንተ የሄድክበትን መንገድ ወንድምም አይሄደውም።

ካነሳሁት አይቀር አንድ ነገር ልንገርህ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ባለቤቴ "ይሄ ልጅስ?" አለኝ። "የትኛው?" ስለው "አውቶቡስ የሚያጥበው። እናቱ የለች፣ አባቱ የለ፣ እህት ወንድም የለው። እሱን ነገ ማን ነው የሚጠይቀው?" ብሎ ኮቱን ለበሰ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ልጅቷ አሁን ታውቀናለች፤ ወንበር ሰጠችን። የዘመድነት ማስረጃ ጻፉልን፣ ስንጠየቅ የምናሳየው፣ አልናት። ምን ዓይነት ዘመድ ነው አለች። ነገርናት። ቅጾቹን ሁሉ አገላበጠች። እናት አለ፣ አባት አለ፣ ልጅ አለ፣ የትዳር ጓደኛ አለ። "የሩቅ ዘመድ የሚል ቅጽ የለንም" አለችን።

ባለቤቴ "እንግዲያው የቅርብ ብለሽ ጻፊው" አላት።

ልጅቷ አልሳቀችም። ኃላፊዋን ልትጠይቅ ገባች፤ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይናችንን ማየት አልፈለገችም። እኛም አላስቸገርናትም። ቆልፈው እስኪወጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተነሳን።

ስለዚህ ልጄ፣ ጻፍልን። ወሬ ባይኖርህም ጻፍ፤ ዛሬ ይህን ያህል አውቶቡስ አጠብኩ ብለህ ጻፍ። ከእንግዲህ በሱቁ አድራሻ አይደለም፣ በቤቱ ነው፤ ስልክም ደውል። አንድ ወር ከዘለልክብን እኛ ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ብንጠይቅም ምኑ ናችሁ ይሉናል።

አክስትህና ጋሼ